ፓንክረስት፦ ከባርነት እስከ ጦር ወንጀል

ከሳሊተ ምሕረት ተነሥቶ በመገናኛ አድርጎ ስድስት ኪሎ የሚወጣ ሰው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የቀድሞውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያገኛል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ጣሊያን እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚህ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከጊዜ በኋላ የከተመውም በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው።

የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1956 ከእናታቸው ከሲልቪያ ጋር አዲስ አበባ የገቡት የምጣኔ ሀብት ታሪክ ምሁር ሆነው ነው። ብዕራቸው ግን በአንድ መስክ አልታጠረም። ባሪያ ሆነው ሕንድ የደረሱ ሐበሾችን ታሪክ ጽፈዋል። ከእነዚህ አንዱ ማሊክ አምባር ነው፤ ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ ሄዶ፣ በደቡብ ሕንድ ደካን የአሕመድናጋር ሱልጣኔት ጦር መሪና እንደራሴ እስከ መሆን ደርሷል። በሕክምና ታሪክ መጽሐፋቸው ደግሞ ፈንጣጣን፣ የኮሶ መድኃኒትንና ባህላዊ ሐኪሞችን ዳስሰዋል።

ወደ ሕግ ሲገቡ የፋሺስቶችን ወንጀል ፋይል ገለጡ። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን 10 ጣሊያናውያንን በስም አቀረበች፤ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1948 በ8ቱ ላይ ለክስ የሚበቃ ማስረጃ እንዳለ ገለጸ። የወረራው ጦር አዛዦች ባዶሊዮና ግራዚያኒ ከስምንቱ መካከል ነበሩ። ሆኖም በኢትዮጵያ ለፈጸሙት ወንጀል አንዳቸውም ለፍርድ አልቀረቡም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በጣሊያን ፍርድ ቤት 19 ዓመት ቢፈረድበትም፣ ክሱ ከናዚ ጀርመን ጋር መተባበሩ ነበር። ያም ሆኖ በወራት ውስጥ ተፈታ።

ፓንክረስት የአክሱም ሐውልት ከጣሊያን እንዲመለስም ከታገሉት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነበሩ፤ ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 አክሱም ገባ። እሳቸው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 አረፉ፤ መቃብራቸውም አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።