መልሱ ፌርማታው ላይ ነው
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ጉባኤ ከደጋፊዎቻችን አንዷ «ጉልት የሚሸጡት አባሎቻችሁ ቁጠባቸው ለምን ቀነሰ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልሰጠናቸውም።

ብዙዎቻችን ከመሀል ከተማ ተነስተን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባን ነን። ዕጣው ሲወጣልን እልል ብለናል፤ ዛሬም በቤቱ አናማርርም። ግን ቤቱ ቀደመ፣ አውቶቡሱ ዘገየ። ድሮ መርካቶ በእግራችን ደርሰን እንመለስ ነበር። እዚህ ከመጣን ወዲህ ሁለት ሦስት ታክሲ ይያዛል፤ ለሽንኩርቱ ጆንያም ረዳቱ የሰው ሒሳብ ይጠይቃል። ትርፉ መንገድ ላይ ያልቃል። ገበያው የሚደራው ሠራተኛ ሲመለስ ነው፤ እኛ ግን ጨለማውን ፈርተን በጊዜ እንሰበስባለን።

በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር እፎይ ብለን ነበር። ከቃሊቲ ተሳፍሮ አውቶቡስ ተራ መውረድ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋጋውም ከታክሲ ይረክሳል። ሐዲዱ ግን ቃሊቲ ላይ ያበቃል፣ እኛ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ነን። ሰው በሰው ላይ ሲሆንም ጆንያ ይዞ መግባት አይታሰብም።

ሳሪስ የቀሩት ሁለት አባሎቻችን ታሪክ ደግሞ ይለያያል። አንዷ ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቡና ታፈላለች፤ ደንበኛዋ በረከተ። ሌላዋ ሱቋ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ነው። የሐዲዱ አጥር ከተዘረጋ በኋላ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰው ዞሮ መምጣቱን ተወ፤ ሱቁን ዘጋችው። በአንድ ባቡር አንዷ ቆመች፣ አንዷ ወደቀች።

ለዚህ ነው ለእንጀራ መጋገሪያችን ከአንድ መሥሪያ ቤት በነጻ የተሰጠንን ሰፊ ቦታ ያልተቀበልነው። ቦታው ከአስፋልቱ ርቆ፣ ጭቃ ውስጥ ነበር። እየከፈልን ፌርማታው ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራየን። በሪፖርቱ ላይ የኪራዩን ወጪ አይታችሁ የተገረማችሁ ደጋፊዎቻችን ካላችሁ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። እንጀራው ከታክሲ በሚወርድ ሰው እጅ ቤት ይገባል።

በሚቀጥለው ሳምንት ለወረዳው የምናቀርባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስና በፌርማታው ላይ መብራት። ያልፈረማችሁ እህቶች፣ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ አለ።