ወደ ኋላ የቀረው ተማሪ



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ አንዲት ቀን የብስክሌት ጉዞና በዚያች ቀን ስለ ሠራሁት ስሕተት ነው።

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ዐሥራ ሁለት ዕጩ መምህራንን አስከትዬ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በብስክሌት ተነሣሁ። ጉዞው የአራት ቀን እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን ድርሻችንም እስከ ዳንግላ ድረስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ አስፋልት ቢሆንም ከጣና ዳር ወደ ከፍታው ስለሚያወጣ እግርን ይፈትናል። በግራና በቀኝ ጤፉ ተዘናፍሎ፥ ኑጉ ቢጫ አበባውን አውጥቶ፥ ዳጉሳውም ራሱን እንደ ተጨበጠ ጣት ሰብስቦ ይታይ ነበር።

ብስክሌተኞች በሰልፍ ሲጓዙ ፊተኛው ነፋሱን ስለሚሰብር ለኋለኞቹ ድካሙ ይቀልላቸዋል። ስለዚህ በየተራ እየተፈራረቅን ልንመራ ተስማምተን ነበር። ነገር ግን ከመርዓዊ ጀምሮ አንድ ዕጩ መምህር ከሰልፉ እየተለየ ደጋግሞ ወደ ኋላ ቀረ። ሁለት ጊዜ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመን ጠበቅነው። በሦስተኛው ጊዜ በግልገል ዓባይ ድልድይ አጠገብ ስንጠብቀው ግማሽ ሰዓት አለፈ። በደረሰም ጊዜ ምክንያቱን ሳልጠይቅ በጓደኞቹ ፊት «ሰነፍ» ብዬ ገሠጽሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ማታ ዳንግላ ባረፍንበት ቤት እያንዳንዱ የቀኑን ትዝብት እንዲናገር አዘዝሁ። ፊት ፊት የሄድነው ሁሉ ስለ ዳገቱ፥ ስለ ተበሳው ካላማዳሪያና ስለ ጉልበታችን መዛል ተናገርን። የተገሠጸው ወጣት ግን ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። በመርዓዊ አካባቢ 7000 ሔክታር መሬት እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ መስኖ ውኃ ለገበሬው በተራ እንዴት እንደሚደርስ ጠይቆ ጽፏል። የበቆሎ ሽልሻሎ፥ ማለት በቡቃያው መካከል በበሬ ማረስ፥ አረሙን እንደሚያጠፋና የበዛውን ቡቃያ እንደሚያሳሳ ተረድቷል። ዳጉሳ በጎተራ ብዙ ዓመት ነቀዝ ሳይደፍረው ስለሚቀመጥ የክፉ ቀን ስንቅ መሆኑንም አንድ ሽማግሌ ነግረውታል። እኒሁ ሽማግሌ ሲሰናበቱት፥ «ልጄ፥ አስተማሪ ስትሆን ይህን ለልጆቻችን ንገርልን፤ ከእኛ አፍ ሲሰሙት ዕውቀት አይመስላቸውም» አሉት።

ይህ ቃል ሲነበብ በቤቱ ውስጥ የተናገረ አልነበረም። እኔም ያን ሁሉ ማሳ ዐልፌ ከፊቴ ካለው ጎማ በቀር ያየሁት ነገር እንደሌለ ዐወቅሁ።

በማግሥቱ ጧት ገና ሳንነሣ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። በደሌ በአደባባይ ስለ ነበረ ካሣውም በአደባባይ ሊሆን ይገባ ነበር። ከዚያም እርሱን ሰልፉን እንዲመራ አደረግሁ፤ እርሱ በቆመበት ሁላችንም ቆምን፥ እርሱ በጠየቀበትም ሁላችንም ጻፍን። ደብረ ማርቆስ የገባነው ካሰብነው ቀን በአንድ ቀን ዘግይተን ነው። ስለ መዘግየታችን ግን ማንም ቅር አላለውም።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ በየክፍላችን ወደ ኋላ የሚቀር ልጅ አለ። ምናልባት ደክሞት ይሆናል፤ ምናልባት ታሞ ይሆናል፤ ምናልባትም እኛ ስንሮጥ ያላየነውን ነገር እያየ ይሆናል። ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ልናውቅ አንችልም። እንግዲህ ከተግሣጽ አስቀድመን መጠየቅን ልማድ እናድርግ እላለሁ።