የቶሪየም ነዳጅና የኒውትሮን ሒሳብ



ቶሪየም በመሬት ቅርፊት ውስጥ ከዩራኒየም በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ በየጊዜው ይነገራል። ይሁን እንጂ ቶሪየም 232 በዝግተኛ ኒውትሮን ስለማይሰነጠቅ ብቻውን ነዳጅ ሊሆን አይችልም። ኒውትሮን ሲውጥ ቶሪየም 233 ይሆናል፤ ይህም በ22 ደቂቃ ግማሽ ዕድሜ ወደ ፕሮታክቲኒየም 233፣ እርሱም በ27 ቀን ግማሽ ዕድሜ ወደ ዩራኒየም 233 ይለወጣል። የሚሰነጠቀው ነዳጅ ይህ የመጨረሻው ነው።

ስለሆነም ጉዳዩን የሚወስነው የማዕድኑ ብዛት ሳይሆን የኒውትሮኑ ሒሳብ ነው። ዩራኒየም 233 አንድ ዝግተኛ ኒውትሮን በዋጠ ቁጥር በአማካይ 2.29 ያህል አዲስ ኒውትሮን ይገኛል። አንዱ የስንጠቃውን ሰንሰለት ያስቀጥላል፤ ሁለተኛው ቶሪየም ውስጥ ገብቶ ያለቀውን ነዳጅ ይተካል። የሚተርፈው 0.29 ብቻ ነው። ከዚሁ ላይ ብረቱ፣ ማቀዝቀዣውና የስንጠቃው ውላጆች ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ፕሮታክቲኒየሙም ዩራኒየም ከመሆኑ በፊት ኒውትሮን ይውጣል፤ ወደ ውጭ የሚያመልጥም አለ።

ይህ 2.29 ከሦስት ልኬቶች የተገኘ ነው፤ ለስንጠቃ 531 ባርን፣ ያለ ስንጠቃ ለመዋጥ 45 ባርን፣ በአንድ ስንጠቃ የሚወለዱ ኒውትሮኖች አማካይ 2.49። የመጨረሻው ቁጥር ከመቶ አንድ ዝቅ ቢል ከትርፉ ከመቶ ስምንት ያህሉ ይጠፋል። ትንሽ የምትመስል የመለኪያ ስሕተት የሪአክተሩን ዓላማ ታፈርሳለች ማለት ነው።

በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ በጀመረው መሣሪያ፣ ፕሮቶኖች የእርሳስ ጡብ ሲመቱ ልዩ ልዩ ፍጥነት ያላቸው ኒውትሮኖች ይፈልቃሉ። እነርሱም 185 ሜትር ይጓዛሉ። በሰከንድ 2,200 ሜትር የሚሄደው ዝግተኛ ኒውትሮን 0.084 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የአንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ግን በ13 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይደርሳል። የመድረሻው ሰዓት ጉልበቱን ይናገራል። ስንጠቃን ማወቅ አያስቸግርም፤ ስብርባሪዎቹ በጋዝ ክፍሉ ውስጥ ብርቱ ምልክት ይተዋሉና። አስቸጋሪው መዋጥን መለካት ነው። መዋጥ የሚታወቀው በጋማ ጨረር ሲሆን፣ በ12 እጥፍ ገደማ የሚበልጠው ስንጠቃም ጋማ ይረጫል። ስለዚህ የስንጠቃው መለኪያ በጋማው መለኪያ መካከል ይቀመጥና የስንጠቃው ድርሻ ተለይቶ ይቀነሳል።

የሒሳቡ እውነትነት በተግባር ተፈትኗል። በአሜሪካ በሺፒንግፖርት እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1982 በቶሪየምና በዩራኒየም 233 የሠራው ሪአክተር ሲመረመር፣ የሚሰነጠቀው ነዳጅ ከመነሻው በ1.39 ከመቶ በልጦ ተገኝቷል። ለዚህም ሲባል መሐንዲሶቹ ኒውትሮን በሚውጡ ዘንጎች ፈንታ ነዳጁን ራሱን ከፍና ዝቅ በማድረግ ኃይሉን ይቆጣጠሩ ነበር።

ደኅንነትም በልኬት ላይ የቆመ ነው። ከስንጠቃ በኋላ ዘግይተው የሚወጡት ኒውትሮኖች ለመቆጣጠሪያው ፋታ ይሰጣሉ። ድርሻቸው በዩራኒየም 235 ከመቶ 0.65 ሲሆን በዩራኒየም 233 ከመቶ 0.26 ገደማ ነው። ፋታው በዚያው መጠን ይጠባል። የቶሪየምን ተስፋ የሚመዝን ባለሙያ ስለ ማዕድኑ ክምችት ከመጠየቁ አስቀድሞ፣ እነዚህ ቁጥሮች በምን ያህል ጥንቃቄ እንደተለኩ ሊጠይቅ ይገባዋል።