ባለቤት ያጣ ጥሪ፦ በሊኑክስ የኢንተራፕት ግጭትን ስለ መፍታት



መለዋወጫ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ በሚጠበቅበት በደብረ ታቦር፣ የኔትወርክ ካርድ በድንገት ሥራ ሲያቆም «ተቃጥሏል» ብሎ ከመጣል በፊት ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን የኢንተራፕት መስመር መመርመር ይገባል።

በቀድሞው ፒሲ መስመሮቹ ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩ 16 ብቻ ነበሩ። ፒሲአይ መጋራትን ፈቀደ። ሆኖም የሚመጣውን ጥሪ የትኛውም ድራይቨር «የእኔ ነው» ካላለ፣ ከ100,000 ጥሪዎች ከ99,900 የሚበልጡት ባለቤት ሲያጡ የሊኑክስ ከርነል መስመሩን ይዘጋዋል፤ በዚያው መስመር ያለ ጤነኛ ካርድም አብሮ ይቀጣል። ይህ በእኔ ግምት እጅግ አሳሳቹ ብልሽት ነው።

«ፕሮክ» በተባለው ማውጫ ውስጥ ያለው «ኢንተራፕትስ» የተሰኘ ፋይል ማን ከማን ጋር እንደ ተዳበለ ያሳያል። ካርዱን ወደ ሌላ ማስገቢያ አዛውሩት፤ የማትፈልጉትንም መሣሪያ በባዮስ ዝጉት። «አይአርኪውፖል» የተባለው የማስነሻ አማራጭ ጊዜያዊ ማስታገሻ ነው፤ ማሽኑንም ያዘገያል። ካርዱ፣ ማዘርቦርዱና ድራይቨሩ ኤምኤስአይን የሚደግፉ ከሆነ ግን ጥሪው በጋራ መስመር ሳይሆን በመልእክት ይላካል።