ስኩተርና ሞተር ሳይክል ለመግዛት ላሰባችሁ ጎረቤቶች
(የማኅበራችን ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር)

ሊቀ መንበራችን ስለ ሞተር ጉዳይ ጥቂት እንድናገር ፈቅደውልኛል። በስብሰባው ላይ ላልተገኙት ደግሞ ንግግሩ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ተስማምተናል።

ነገሩ የተነሣው ከዕቁቡ ነው። ዘንድሮ ዕጣ ከወጣላቸው ወጣቶች ሦስት አራቱ «ስኩተር እንገዛለን» ብለዋል። ደግ ሐሳብ ነው። እዚህ ሐዋሳ ላይ ከአላሙራ እስከ ዓሣ ገበያ በየቀኑ በባጃጅ የሚመላለስ ሰው የትራንስፖርቱን ወጪ ያውቀዋል። ግን ሁሉም የሚያሰላው የሞተሩን ዋጋ ብቻ ነው። የዕቁቡን ብር በሙሉ ለሻጭ አስረክቦ ከዚያ ለመንጃ ፈቃድ ሥልጠና፣ ለሰሌዳ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለሄልሜት ከየት ያመጣል? ያን ጊዜ ነው እንግዲህ «እስኪሞላልኝ ድረስ በጓሮ በጓሮ እነዳለሁ» የሚባለው።

መጀመሪያ ስለ ወረቀት። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ሕጋዊ ደረሰኙንና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን እዩ። ያለዚያ ሰሌዳ ማውጣት አይታሰብም። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ፣ በጣታችሁ እየነካችሁ አመሳክሩ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰላችሁ ተዉት፣ ርካሽ ነው ብላችሁ አትሳቡ። ከዚያ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የፍርድ ቤት እግድ፣ የባንክ ዕዳ ወይም ያልተከፈለ ቅጣት እንዳለበት ጠይቁ። በከተማው በሞተር ላይ የወጣ ገደብ ካለም እዚያው ጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ሲታገድ ሞተሩን በቅርብ ጊዜ የገዛው ሰው ምን እንደተሰማው አስቡት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። የኛ ልማድ ምንድን ነው? ሻጭና ገዢ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ፣ ሁለት ምስክር ይጠራል፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ይፈራረማሉ፣ ቁልፉ ይሰጣል፣ አለቀ። ወይም ደግሞ ሻጩ ውክልና ይሰጥና ገዢው በውክልናው ሁለት ሦስት ዓመት ይነዳል። የስም ማዛወሪያውን ወጪ ለመቆጠብ መሆኑ ነው። የሚቆጥበው ግን ገዢው ነው፤ ጣጣው የሚቀረው ሻጩ ጋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ላይ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ። ከኃላፊነት ከሚያወጡት ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ ንብረቱ ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ነው። ልብ በሉ፣ «ለጓደኛዬ አውሼው ነው» ማለት ስርቆት አይደለም።

እንበል ያ በስም ያልተዛወረ ሞተር አመሻሽ ላይ ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ገጨ። ትራፊኩ ሰሌዳውን ይዞ በማን ስም እንደተመዘገበ ይጠይቃል። የሚወጣው ስም የማን ነው? ሞተሩን ከሸጠ ዓመት ያለፈው ሰው ነዋ! ሸጫለሁ ብሎ ሊከራከር ይችላል። ግን ፍርድ ቤት መመላለሱ፣ የጠበቃው ወጪ፣ ምስክር ፍለጋው የእሱ ነው። ያቺ የሻይ ቤት ወረቀት እስከዚያ ቀን ከተገኘችም አይደል? ገዢውም ቢሆን አልተረፈም። ውክልና የሰጠው ሻጭ ቢሞት ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ከዚያ ክርክሩ ከወራሾች ጋር ነው። ስለዚህ ብሩና ስሙ አብረው ይዛወሩ። ሻጭ የሆናችሁ ይህን በተለይ ስሙኝ።

ወደ ኢንሹራንሱ ስንሄድ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ብዙ ሰው ግን ምን እንደሚሸፍን ሳያውቅ ለቦሎ ብሎ ብቻ ይገባዋል። ሦስተኛ ወገን ማለት የተገጨው ሰው ወይም የተጎዳው የሰው ንብረት ነው። ነጂው ራሱ ወድቆ እግሩ ቢሰበር፣ ሞተሩ ቢሰባበር ወይም ቢሰረቅ ይኼ ኢንሹራንስ አይከፍለውም። ለዚያ ሌላ ውል አለ፤ ሙሉ ሽፋን የሚባለው፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ የግዴታው ኢንሹራንስ የካሳ ጣሪያ አለው። በ2000 ዓ.ም. በወጣው በመጀመሪያው አዋጅ ለሰው ሞት ጣሪያው 40 ሺህ ብር ነበር፤ ኋላ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ፍርድ ቤቱ ከጣሪያው በላይ ከፈረደ ትርፉ የሚጠየቀው ከባለቤቱ ኪስ ነው። ኪሱ ባዶ ከሆነ ቤቱም ንብረት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ደስ የማይል ነገር መናገር አለብኝ። «አደጋ ቢደርስስ ማኅበሩ አለ አይደል» የሚሉ አሉ። ማኅበራችን ለሐዘንና ለቀብር የቆመ ነው። ለተጎጂ ካሳ የሚሆን ገንዘብ የለንም፤ መተዳደሪያ ደንባችንም አይፈቅድም። ቢፈቅድ እንኳ የአንዱ ሞተር ዕዳ ለአሮጊቶቻችን ከፈን የተቀመጠውን ብር መንካት የለበትም፤ ይኼ የኔ አስተያየት ነው።

መንጃ ፈቃድን በአጭሩ። 18 ዓመት ያልሞላው አይነዳም። በማሠልጠኛ ተቋም ተምሮ፣ ንድፈ ሐሳቡንና ተግባሩን ተፈትኖ በሞተር ሳይክል ምድብ ይወጣል። የአውቶሞቢል አለኝ የምትሉ ፈቃዳችሁ ላይ የተጻፈውን ምድብ አንብቡ። ለወላጆች ደግሞ፣ ልጁ ፈቃድ ሳይኖረው ቁልፍ መስጠት ይቅር። የኢንሹራንስ ውሎችም ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ ስለደረሰ ጉዳት የሚሉት አላቸው፤ ያቺን ደቃቅ ጽሑፍ ፈልጓት።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር በዝቷል፤ ኤሌክትሪክ ስኩተርም በየሱቁ ይታያል። «ይኼ ሰሌዳም መንጃ ፈቃድም አይጠይቅም» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ቃሉን በጽሑፍ፣ በማኅተም ይስጣችሁ። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። የተገጨ ሰው እንደሆነ ሞተሩ በቤንዚን ይሂድ በባትሪ ሕመሙ አንድ ነው።

ማክሰኞና ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቢሮ አለሁ። የሽያጭ ውልም ሆነ የኢንሹራንስ ወረቀት ይዞ ለሚመጣ አብረን እናነባለን፤ ማንበብ የሚቸግረው ሰው አይፈር። ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ እንጂ ሞተሩን ግቢው ውስጥ አታስገቡ፤ ድንኳኑና ወንበሮቹ የተቀመጡት እዚያ ነው።