ሳጥኑን ያሰርነው እኛ ነበርን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር፣ አሰላ)



የሒሳብ ክፍል ወደዚህ መድረክ ሲወጣ ቁጥር ይጠበቅበታል። የዓመቱ ገቢና ወጪ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ተዘርዝሯል። እኛ ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ሞተር ሳይክላችን ሁለት ሳጥኖች ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የ11 እናቶችን የቁጠባ ደብተር ያበላሸ፣ አንዲት ልጃችንንም ያለ ጥፋቷ ከደመወዟ ያስቆረጠ ነገር ነው።

ሞተሯን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ለረጅም መንገድ የተሠራች፣ አገልግላ የተሰጠችን፣ ከኋላ በግራና በቀኝ ጠንካራ ሳጥን ያላት ናት። ከአሰላ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ቢሆንም ብዙዎቹ የቁጠባ ቡድኖቻችን ያሉት ከአስፋልቱ ወጣ ብለው ነው። ክረምት ሲገባ ጭላሎ በጉም ይሸፈናል፣ የገብሱ ማሳ ዳር ጭቃ ይሆናል፣ መኪናም አይገባም። ያን ጊዜ ደብተሮቻችንን ከዝናብ ጠብቀው የሚያደርሱልን እነዚህ ሁለት ሳጥኖች ናቸው።

ደብተር ለአርሲ ገበሬ እንግዳ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ወላጆቻችን «ካዱ» የሚሉት፣ እዚሁ አሰላ ሥራ ሲጀምር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ይሰጥ ነበር። የተበደረ ሰው ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይኖራል። የቆጠበች ሴት ግን ማስረጃዋ ያቺ አንድ ደብተር ናት። እሷ ከጠፋች ገንዘቧም የጠፋ ያህል ይሰማታል።

አሁን ወደ ሆነው ነገር እንምጣ። ባለፈው ሐምሌ የሞተሯ የኋላ ጎማ ተበሳ። ጎሚስታው ጎማውን ለማውጣት ሁለቱንም ሳጥኖች ፈታ፣ ጎማውን ጠግኖ ሄደ። ልጃችን መንጃ ፈቃዷን ልታሳድስ ወጥታ ስለነበር ሳጥኖቹን መልሰን ያሰርነው እኛ፣ የሒሳብ ክፍል ሁለቱ ሠራተኞች ነን። ጭቃውን አጥበን፣ ቡሎኖቹን አጥብቀን፣ በሥራችን ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ሄድን።

በማግስቱ ልጃችን ወደ ሳጉሬ አቅጣጫ ወጣች። ከአስፋልቱ ወርዳ ጠጠሩ ላይ ጥቂት እንደሄደች የቀኙ ሳጥን ተነቅሎ ቦይ ውስጥ ገባ። እሷ አልወደቀችም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ገንዘቡም ወገቧ ላይ በታሰረው ቦርሳ ስለነበር አልተነካም። ሳጥኑ ግን ሲወድቅ ተከፍቶ 38 ደብተሮች ውኃ ውስጥ ገቡ። አንድ ባለ ጋሪ አግዟት ሰበሰቡ። ከ38ቱ 11 ደብተሮች የማይነበቡ ሆኑ።

ቢሮ ስትደርስ እኛ ምን አልን? «ሳጥኑን ሳታዪ ለምን ተነሳሽ?» አልናት። «ስረከብ ታስሮ ነው ያገኘሁት፣ በእጄም ነቅንቄዋለሁ» አለች። አላመንናትም። የአዲሶቹን ደብተሮች ማሠሪያና የሳጥኑን ማስጠገኛ ከደመወዟ እንዲቆረጥ ወረቀት ጽፈን አስፈረምናት። ፈረመች፣ አልተከራከረችም። ይህን ስንናገር ዛሬም እናፍራለን።

ደብተሮቹን ከደረሰኝ ኮፒ እያየን እንደገና ስንጽፍ ሦስት ቀን ፈጀብን። የአንዲት እናት የ650 ብር ገቢ ኮፒው ደብዝዞ አልነበብ አለን። ወደ ቡድናቸው ሄደን ጠየቅን። «ልጆቼ፣ እኔ እኮ ቆጥሬ ነው የሰጠሁት» አሉን። አብረዋቸው የነበሩት አምስት ሴቶች ቀኑንም ብሩንም ጠቅሰው መሰከሩላቸው። ቃለ ጉባኤ ይዘን፣ አስፈርመን፣ ገቢውን መዘገብንላቸው። ወደ ቢሮ ስንመለስ ግን አንድ ነገር ከነከነን። የእኚህን እናት ቃል በምስክር ተቀበልን። የልጃችንን ቃል ግን ሳናጣራ ነው የጣልነው።

ስለዚህ አንድ ሞተር ጠጋኝ ጠርተን ሳጥኖቹን በፊታችን እንዲፈታ አደረግን። እያንዳንዱ ሳጥን በአራት ቡሎን ከተሸካሚው ብረት ጋር ይታሰራል። የላይኞቹ ሁለቱ ወፍራም ጎማ አልፈው ስለሚገቡ ረጃጅም ናቸው፣ የታችኞቹ ሁለቱ አጫጭር ናቸው። እኛ አቀያይረናቸዋል። አጭሩ ቡሎን ላይ ሲገባ ዳዶውን የያዘው በሁለት በሦስት ጥርስ ብቻ ነው። ረጅሙ እታች ሲገባ ደግሞ ጥርሱ አልቆ ዳዶው ስለሚቆም የጠበቀ ይመስላል እንጂ ብረቱን አልጨበጠም። ቆሞ ሲነቀነቅ አይታወቅም፣ ጠጠር ላይ ሲንቀጠቀጥ ይለቃል። ልጃችን ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። ሳጥኑን ያሰርነው እኛ ነበርን።

የተቆረጠባትን ገንዘብ በሙሉ መለስን፣ በሠራተኞች ፊት ይቅርታ ጠየቅናት። ወጪውን እኛ ሁለታችን ከፈልን። ከዚያም እሷው አስተማሪያችን ሆና የሚከተለውን ሥርዓት አወጣን። ሞተር ላላችሁ ቤተሰቦችም ይጠቅማልና ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ሳጥን ከመፈታቱ በፊት ባዶ ይደረጋል፣ ሞተሯም ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። አንድ ሰው ሳጥኑን ከሥር ይደግፋል፣ ሌላው ይፈታል።

ሁለተኛ፣ የወጣው ቡሎን ከነሮንዴላውና ከነዳዶው በወጣበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ይሰካል፤ «ላይ ቀኝ»፣ «ታች ግራ» ተብሎም ይጻፍበታል። እኛን ያሳሳተን ሁሉንም አንድ ጣሳ ውስጥ መክተታችን ነው።

ሦስተኛ፣ ሲታሰር አራቱም ቡሎኖች መጀመሪያ በጣት ይያያዛሉ። አራቱም ሳይገቡ አንዱም በመፍቻ አይጠብቅም፤ አንዱ ቀድሞ ከጠበቀ የሌሎቹ ቀዳዳ አይገጥምም። ከዚያ በሰያፍ፣ ከላይ ቀኝ ወደ ታች ግራ እየተባለ ይጠብቃል። የቡሎኑ ጫፍ ከዳዶው አልፎ መታየት አለበት። ካልታየ አጭር ነው።

አራተኛ፣ ከጠበቀ በኋላ በዳዶውና በቡሎኑ ላይ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር ይሰመራል። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል፣ በዓይን ብቻ ይታወቃል። ለዚህ የገዛነው አንድ ቀይ ጠርሙስ ነው።

አምስተኛ፣ የሁለቱ ሳጥኖች ጭነት በሚዛን ይመዘናል። አህያ የጫነች ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ ወደ አንድ ጎን ያደላ ጭነት መንገድ ላይ ይጥላል። ከባዱ ዕቃ ከታች ይሆናል። ማርሚታው ስለሚግል ደብተር በዚያ በኩል ባለው ሳጥን አይገባም። ደብተሮቹም በፕላስቲክ ይጠቀለላሉ። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ ቆሞ መስመሩን ማየት ግዴታ ነው።

የመጨረሻውና ዋናው፣ ያሰረ ሰው አይፈትሽም። ያሰረችው ትፈርማለች፣ የፈተሸችው ሌላ ሴት ትፈርማለች፣ አሽከርካሪዋ ሁለቱን ፊርማ አይታ ትረከባለች። በሒሳብ ሥራ ገንዘብ የሚቀበልና መዝገብ የሚይዝ ሰው አንድ እንዳይሆን ዘወትር እንናገራለን። ለገንዘቡ ያወቅነውን ለቡሎኑ ግን አላወቅንለትም ነበር።

ደጋፊዎቻችን፣ ለሞተሯ ምስጋናችን ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን እንጠይቃችኋለን። ወደፊት ዕቃ ስትሰጡን ከነመፍቻው፣ ከነመለዋወጫውና ከሚያስተምረን ሰው ጋር ይሁን። በዚህ ዓመት የሚያስፈልገን አንድ ሙሉ የመፍቻ ስብስብ፣ እየላላ የማያስቸግር ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ዳዶ፣ እና ለስድስት አባላት የሦስት ቀን የጥገና ሥልጠና ነው። ዋጋው በወረቀታችሁ መጨረሻ ላይ ተጽፏል።

እናቶችና እህቶች፣ ጥፋት ሲደርስ መጀመሪያ የምናየው በመጨረሻ የያዘውን ሰው ነው። የመጨረሻዋ ያቺ ልጅ ስለነበረች ጥፋቱን እሷ ላይ ጣልን። ከእንግዲህ ከማንም ሠራተኛ ደመወዝ ከመቁረጣችን በፊት ቡሎኑን ፈትተን እናያለን። ይህንንም ዛሬ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልን እንጠይቃለን።