ዝም ያለ ክላክስ፣ አናቱ የተበላ ቡሎን

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ ክላክሱ የማይሠራ መኪና ይዞ ጠመዝማዛ ዳገት መውጣት አደገኛ ነውና ነገ ዛሬ አትበሉ። መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። ደህና ከሆነ አንድ ሰው ክላክሱን ሲጫን ሌላው ሪሌው አጠገብ ያዳምጥ። “ቀጭ” ካለ ከመሪው በኩል ሰላም ነው። ያኔ ክላክሱን ፈትታችሁ ከባትሪው 12 ቮልት በቀጥታ ስጡት፤ ከጮኸ አዲስ አትግዙ፣ የዛገውን ማሳ፣ ማለትም የኔጋቲቭ መገናኛውን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ሪሌው ጭራሽ ዝም ካለ ግን ችግሩ መሪው ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ኤርባግ ስላለ ለባለሙያ ተዉት።

አስቸጋሪው መፍታቱ ነው። ክላክሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰረው ከፊት፣ ውሃና ጭቃ በሚረጭበት ቦታ ስለሆነ ቡሎኑ ይዝጋል። በማይገጥም ቁልፍ ሲታገሉት ማዕዘኑ ይበላና አናቱ ክብ ይሆናል። እዚህ ላይ እባካችሁ ጉልበት አትጨምሩ! የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ አናቱን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ምቱት፣ ንዝረቱ ዘይቱን ወደ ጥርሱ ያስገባዋል። ቡሎኑ 10 ቁጥር ከነበረ ባለ 6 ማዕዘን 9 ቁጥር ቡሶላ በመዶሻ አጥብቃችሁ አስገቡበትና ወደ ግራ ፍቱ። ባለ 12 ማዕዘኑ የቀረውንም ይልጠዋል። ዘይት በነካው ቦታ እሳት እንዳታስጠጉ። አዲሱን ቡሎን ከማሰራችሁ በፊት ጥርሱን ትንሽ ግራሶ ቀቡት።

(ሙዚቃ)